የወር ተኩል ቀጠሮ

ልብስ ሰፊ መጀመሪያ የሚማረው መቀስ አያያዝ ይመስላችኋል? አይደለም። ጨርቅ ይዞ ለመጣ ሰው «ነገ ይደርሳል» አለማለት ነው። ነገ ያሉት ሰው ቀና ብሎ ያያል፤ «ይቺ ሴት ሥራ የላትም እንዴ? እጇ ባይረባ ነው» ይላል በሆዱ። ሦስት ሳምንት ያሉት ሰው ግን እየተነጫነጨም ቢሆን ጨርቁን ትቶ ይሄዳል። ሰው የሚጠብቀውን ነገር ያከብራል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ሆሳዕና ገበያው አጠገብ፣ ሐጂ የምንላቸው የጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ ስንት ዓመት ተቀምጬ በራሴ የደረስኩበት ነው።

እኔ ግን ያስተማርኳት ሰው አለች። ዶዮገና ተወልዳ ያደገች ጓደኛዬ ናት። የስፌት መኪናዋን በአይሱዙ አስጭና ሆሳዕና ስትመጣ ሐጂ ከእኔ ጎን ቦታ ሰጧት፤ ዘጠኝ ዓመት ክርን ለክርን ተቀምጠን ሰፋን። እኔ ሀዲያ፣ እሷ ከምባታ፤ ስንጣላ በየቋንቋችን እናጉረመርማለን፣ ስንታረቅ በአማርኛ እንስቃለን። በመጣች ሰሞን አንዲት የመጋቢ ሚስት የቀሚስ ጨርቅ ይዛ መጥታ «መቼ ይደርሳል?» ስትላት «ነገ ከሰዓት» ብላ እርፍ! ከጠረጴዛው ሥር ጭኗን ቆነጠጥኳት።

«ምን አደረግኩ?» አለችኝ ሴትየዋ ስትሄድ።

«ራስሽን አረከስሽ። ሦስት ሳምንት ብትያት ምን ይቀርብሻል?»

«ውሸት አይሆንም?»

«ውሸት አይደለም፣ ወግ ነው» አልኳት።

ቶሎ ለመደች። አንድ ነገር ብቻ ማስተው አልቻልኩም፤ ስትዋሽ እጇ ሳታውቀው ወደ ግራ ጆሮዋ ይሄዳል። ደንበኛ ይህን አያውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። «እጅሽን ከጆሮሽ አውርጂ» እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በክርኔ ጎሰምኳት። ክምሩንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሥራ ሲጠፋ የተረፈ ጨርቅ አጥፈን፣ መልካሙን ገጽ ወደ ውጭ አድርገን ጠረጴዛው ላይ እንቆልላለን። ለመዘምራን ጋውን ከሰፋነው የተረፈ ወይን ጠጅ ጨርቅ ነበረን፤ እሱ የክምሩ ንጉሥ ነበር። የእውነት ሥራ ሲመጣ ደግሞ በረንዳው ብጣሽ በብጣሽ ይሆንና ሐጂ «እናንተ ልጆች፣ ደንበኛዬ በምን በኩል ይግባ? ጥረጉ እንጂ!» እያሉ ይጮኹብናል።

ከሁለት ዓመት በፊት ወንድሟ ከሐዋሳ ደውሎ «ሱቅ አግኝቼልሻለሁ፣ ነይ» አላት። ስትሄድ አቅፌያት አለቀስኩ። እንባው የእውነት ነበር፤ ግን አሁን ምን ይደበቃል፣ ግማሹ «እኔንስ የሚጠራኝ ሰው እንዴት ይጠፋል?» የሚል እንባ ነበር። ሐጂ በእሷ ቦታ ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ ደረደሩበት። እኔ ከፍራሽ ጋር ክርን ለክርን ሆኜ ቀረሁ።

ከዚያ ፎቶ መምጣት ጀመረ። የመስታወት በር። ጭንቅላት የሌላት የፕላስቲክ ሴት፣ ቀሚስ ለብሳ ቆማ። በዲናሞ የሚሠራ ማሽን፤ እኔ እግሬ እስኪደነዝዝ ፔዳል ስረግጥ እሷ በጣቷ ነካ ስታደርገው ብቻ እርርር የሚል። ድንቄም! ዶዮገና ጎመን ስታጠጣ ያደገች ልጅ፣ የመስታወት በር! «እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ ጌታ ይጨምርልሽ» ብዬ እጽፍላትና ስልኩን ፍራሹ ላይ እወረውረዋለሁ።

ነገሩን የጨረሰው አንድ የእሁድ ቀን ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋውን የሚሰፋው ሁልጊዜ በእኔ እጅ ነበር። ያን እሁድ አዲስ ሰማያዊ ለብሰው ወጡ። እኔ አልሰፋሁትም፣ ማንም አልነገረኝም። ዝማሬውን ሰማሁ ብል ጌታ ይታዘበኛል፤ የእጅጌውን ሽንሽን ስቆጥር ነው ያለቀው። ሲያበቃ አንዷን ዘማሪት ሰላም የምላት መስዬ አቅፌያት ኮሌታዋን ከኋላ ገልበጥ አደረግኩ። የጓደኛዬ ስም በክር ተጽፎ ተሰፍቶበታል! ሐዋሳ ድረስ ልከው! ምሳ አልበላሁም። ባለቤቴ «አመመሽ?» ቢለኝ «አዎ፣ ሰማያዊ አመመኝ» አልኩት።

በማግሥቱ ደወልኩላት።

«ሥራ እንዴት ነው?»

«ኧረ ተይኝ! እስከ መስቀል ሞልቷል። አንቺስ?»

«እኔማ ከመስቀልም አልፏል። ሰው በር ላይ ቆሞ ነው የማወራሽ» አልኳት። በሩ ላይ የቆመው የሐጂ ድመት ነበር።

ስልክ ላይ ጆሮ አይታይም። ይህ ያኔ ትዝ አላለኝም።

ያን ሳምንት ለባለቤቴ «ሐዋሳ እንሂድ» አልኩት። ባለቤቴ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሳያሰላ አይናገርም። «አሥር ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ የምትይ አንቺ አይደለሽም?» አለኝ። «ሌላ ክልል ነው። የእኔ ዝውውር ከወረዳ ወረዳ እንደመሄድ አይደለም፤ አንዴ ከወጣሁ ባይሆን መልሱኝ የምልበት በር የለም። መጀመሪያ ሄደሽ እይ። ለልብስ ሰፊ ሥራ መኖሩን በዓይንሽ አረጋግጪ፣ ከዚያ እናወራለን።»

ለሐጂም ነገርኳቸው፤ ደብቄ ብሄድ ነውር ነው። ሐጂ የልባቸውን የማያወጡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ጠረጉና «ልቀቂ አልልሽም ልጄ። ግን እስከ ዓርብ ቁርጡን አሳውቂኝ። ቦታ የጠየቀኝ ሰው አለ። አንዴ ቃል ከሰጠሁ ደግሞ አላጥፍም» አሉኝ።

«ማን ነው እሱ ሐጂ?»

«ሰው ነው» አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ቆጮና ቅቤ አሳስሬ ተሳፈርኩ። በዱራሜ በኩል ነው የሄድኩት። በየከተማው በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ባየሁ ቁጥር አንገቴ እስኪያመኝ ዞሬ አያለሁ፤ ስንት ማሽን፣ ስንት ሰው ቆሟል እያልኩ። አዲሎ መኪና ስቀይር አንዱ ሰፊ ማሽኑ ላይ ግንባሩን ደፍቶ ተኝቶ አየሁ። «ይሄስ የማይዋሽ ሰው ነው» ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሐዋሳ ያረፍኩት የባለቤቴ አክስት ቤት ነው። አክስት ቆጮውን ሲያሸቱ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ የመጣሁበትን ስነግራቸው ደግሞ ከእንባው ወጥተው ጭራሽ ወገባቸውን አሰሩ። እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚወዱ ሴት ናቸው። ጓደኛዬ ጋ ግን አልሄድኩም፤ መምጣቴንም አልነገርኳትም። ምን ቆርጦኝ! «ከፋት፣ ልትጠጋኝ መጣች» እንድትል?

ረቡዕና ሐሙስ ጠዋት የልብስ ሰፊዎቹን ሰፈር ዞርኩ። ዘዴዬ ቀላል ነበር። ጨርቅ ይዤ እንደ ደንበኛ እገባለሁ፣ «መቼ ይደርሳል?» እላለሁ፣ ወጥቼ ከባለቤቴ ደብተር በገነጠልኩት ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ቀጠሮው የራቀበት ቤት ሥራ ሞልቷል፣ የቀረበበት ቤት ደግሞ ሥራ የለም ማለት ነው። አንዷ ሦስት ሳምንት አለችኝ። አንዱ «ከበዓሉ በኋላ ካልሆነ አልችልም» ብሎ ጨርቄን ሳያይ መለሰኝ። ሌላዋ አንድ ወር። ደሜ ሞቀ፤ ይሄ ከተማ ልብስ ሰፊ አጥቶ እያለቀሰ ነው አልኩ።

አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ብቻ «ተቀመጪ፣ ሻይ ጠጥተሽ ሳትጨርሺ እሰፋልሻለሁ» አሉኝ። አዘንኩላቸው። «ምስኪን፣ ሥራ የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ ስወጣ ቀሚሴ ጫፍ ላይ የተጣበቀውን ክርና ብጣሽ እያራገፍኩ።

ልብ በሉ። ይህን ሁሉ የምጽፈው እኔ ነኝ። ባዶ እጄን ተቀምጬ «ሦስት ሳምንት» የምለው፣ ክምር የምቆልለው፣ ድመት ደንበኛ የማደርገው እኔ! ሌላው ሰፊ ሲለኝ ግን እንደ ወንጌል ተቀበልኩት። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል፤ እውነት እንዲሆን ፈልጌ ነበር። እሷ ያገኘችውን የምትበላው ከተማው ሞልቶ ስለፈሰሰ ከሆነ፣ ከእኔ በልጣ አይደለም ማለት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት አክስትን ወደ ጓደኛዬ ሱቅ ላክኋቸው። አንድ አረንጓዴ ጨርቅ ነበረኝ፣ ከሐጂ ሱቅ ለራሴ የገዛሁት። «ለወንድሜ ሚስት ነው፣ ክፍለ አገር ናት፣ ልኳ ይሄው ብለው ይስጧት። መቼ እንደሚደርስም ይጠይቋት» አልኳቸው። ልኩን በወረቀት ጻፍኩ። መልካም ጨርቅ ለማላውቀው ልክ ለምን ይበላሽ ብዬ የጻፍኩት የራሴን ልክ ነው። ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። ልብስ ሰፊ ነኝና ሳልጨርሰው እጄ አልታዘዘኝም፤ ከሥር «ግራ ትከሻ በአንድ ጣት ዝቅ» ብዬ ጨመርኩ። በአንድ ጎን እየተጫንኩ ፔዳል ስረግጥ ዓመታት ያወረዱት ትከሻ ነው።

አክስት ሲመለሱ ከበሩ ጀምሮ ያወራሉ። «ኧረ በስመ አብ! መስታወቱን ብታይ! የጨርቁ ክምር እስከዚህ!» ብለው ደረታቸውን ለኩልኝ።

«መቼ ይደርሳል አለች?»

«ወረቀቱን አየችው፣ አየችው። ከዚያ ‹ወር ተኩል› አለች።»

«ወር ተኩል!»

«እሱንም ለእርስዎ ብዬ ነው አለችኝ። ስቃ ነው የሸኘችኝ። ጨዋ ልጅ ናት።»

እኔ በሕይወቴ ወር ተኩል ብዬ አላውቅም፤ በውሸት እንኳ አልደፈርኩም። ጨዋ ልጅ! እኔ ጭኗን ቆንጥጬ ያሳደግኳት ልጅ ለእኔ አክስት «ለእርስዎ ብዬ ነው» ትላለች? ያን ቀን አክስት ያቀረቡልኝን ዓሣ አጥንቱን ከሥጋው መለየት አቃተኝ።

ዓርብ ጠዋት ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግር ለሐጂ ደወልኩ።

«ሐጂ፣ ቆርጫለሁ። ቦታውን ለቅቄያለሁ።»

«አስበሽበታል?»

«ወር ተኩል ቀጠሮ የሚሰጥበት ከተማ ነው ሐጂ!»

«አላህ ያቅናልሽ ልጄ። እንግዲያው ለጠየቀኝ ሰው ቃሌን እሰጣለሁ» አሉ።

አሁን ልሂድባት አልኩ። አሁን የምሄደው እንደ ተቸገረ ሰው አይደለም፤ «ጎረቤትሽ ሆኜ መጣሁ፣ ማን እንደሚበልጥ እናያለን» ለማለት ነው። ይህን ስትሰማ ፊቷ ሲለወጥ ማየት ፈልጌ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቅባቴን ተቀብቼ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ሄድኩ።

የመስታወቱ በር እውነት ነው። የፕላስቲኳ ሴትም አለች። ገፋ አድርጌ ገባሁና መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ወለሉ ላይ ነው። ነጭ ሴራሚክ። ፊቴ ይታይበታል። አንድ ብጣሽ የለም፣ አንድ ክር የለም። ያን ጊዜ «ሻይ ጠጥተሽ ሳትጨርሺ» ያሉኝ ሰውዬ ሱቅ፣ ቀሚሴ ላይ የተጣበቀው ክር፣ «ሥራ የለም» ብዬ የጻፍኩት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። የቀጠሮ ቀን ስለቅም የማንንም ወለል አላየሁም። ዕድሜዬን ሙሉ በብጣሽ ላይ የተቀመጥኩ ሴት ወለል ማየት ረሳሁ!

ክምሩ ጠረጴዛው ላይ አለ። መልካሙ ገጽ ወደ ውጭ። ከመሐል ወይን ጠጅ ጨርቅ ብቅ ብሏል። የእኛው ወይን ጠጅ፣ የክምሩ ንጉሥ፣ ሐዋሳ ድረስ ተሰድዶ።

ከጀርባው ግድግዳ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ቀሚሴ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ ተሰቅሏል።

ጓደኛዬ ከማሽኗ ኋላ ተነሣች። ከስታለች። «መጣሽ» አለች፤ አልደነገጠችም። «በይ ልበሺውና እንየው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ግራ ትከሻ በአንድ ጣት ዝቅ» አለች። «እንዲህ ያለ ትከሻ በዚህ አገር ለስንት ሰው ተሰጥቷል? ዘጠኝ ዓመት የበዓል ልብስሽን ማን ሰፋልሽ?»

የምገባበት ጠፋኝ። እንደዚህ ያለ ስህተት ልብስ ሰፊ እንጂ ሌላ ሰው አይሠራም፤ ሰላይ ልኮ የራሱን ትከሻ ማስያዝ! ግን አፌ አላረፈም። «አውቀሽኝ ነው ታዲያ ወር ተኩል ያልሽው?»

«አዎ። ተናድጄ» አለች። «ሐዋሳ መጥተሽ ቤቴን ረግጠሽ አለፍሽ። ሰው ላክሽብኝ። ሆሳዕና ሰው ተሰልፎላት፣ ከመስቀልም አልፎ ሞልቶላት፣ እኔ ስወድቅ ለማየት መጣች አልኩ። ትቃጠል ብዬ ነው ወር ተኩል ያልኩት። አክስትሽ ከበሩ ሲወጡ ቁጭ ብዬ ሳይመሽ ጨረስኩት። እውነቱን ልንገርሽ? ጨርቅ ከቆረጥኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። መቀሱ ሲገባበት ደስ አለኝ።»

«ሰማያዊው ጋውንስ?»

«እሱን ተይው። ስሜ ሆሳዕና እንዳይረሳ ብዬ፣ ለድካሜ ዋጋ ሳልጠይቅ የሰፋሁት ነው።»

አንድ ነገር ውስጤ እሰይ አለ። አልዋሽም፤ ክስት ብላ እያየኋት እሰይ አልኩ። ሁለት ዓመት ያበሰለኝ እሳት ውሃ ተደፋበት። ልስቅ ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን ቀድማኝ ሳቀችና እጄን ያዘች።

«ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። ልመለስ ነው! ከፋሲካ ጀምሮ ሐጂን ቦታ ይስጡኝ እያልኩ ስለምናቸው ነበር፤ አፍሬ ‹እኔው እነግራታለሁ፣ እርስዎ አይንገሯት› ብያቸው። ትናንት ደወሉልኝ፣ ቦታ ተገኘ አሉ። ወዲያው የዚህን ሱቅ ቁልፍ ለባለቤቱ እመልሳለሁ ብዬ ነገርኩት። ያንን ፍራሽ አነሡት መሰለኝ። እንደ ድሮው ክርን ለክርን እኮ ነው!»

ተቀመጥኩ። መቀመጫ መኖሩን ሳላይ ነው የተቀመጥኩት።

«ፍራሹ አልተነሣም» አልኳት።

«እህ?»

«የተነሣሁት እኔ ነኝ። ትናንት ጠዋት። በወር ተኩልሽ።»

አፏን በእጇ ያዘች። የፕላስቲኳ ሴት ቀሚሷን ለብሳ ወደ መንገዱ ዞራ ቆማለች። በኋላ ስልኳን አነሣች፤ «ለሐጂ ደውዬ ይቅርብኝ ልበል» አለች። ነጠቅኳት። «አንቺ አዝነሽልኝ? ሞኝሽን ፈልጊ!» አልኳት። ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር፤ ቦታዬን መውሰዷን እችለዋለሁ፣ ማዘኗን ግን አልችልም። ቀሚሴን ከመስቀያው አወረድኩና በዚያው ቀን መኪና ተሳፈርኩ። ቤቴ ስገባ ለካሁት። ትከሻው አንድ ጣት ዝቅ ብሎ እኔው ላይ ቁጭ አለ።

ባለቤቴ ሁሉን ሰምቶ አፉን ሊከፍት ሲል «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ በላ! አውቀዋለሁ!» ብዬ ቀደምኩት። ምስኪን፣ ሊል የነበረው «ራት ቀርቧል» ነው። ሐጂም ሲያገኙኝ ግራ ገባቸው። «ተማክራችሁ የምትለዋወጡ መስሎኝ! እሷ ወደዚህ፣ አንቺ ወደዚያ። እናንተ መቼ ተደባብቃችሁ ታውቃላችሁ?» አሉ። ቃላቸውን እንዲያጥፉ አልጠየቅኳቸውም። ፍራሹም ቢሆን እንጀራቸው ነው።

ማሽኔን ቤቴ የፊት ክፍል አስገባሁ። የእኛ ሰፈር ከገበያው ይርቃል፣ መንገዱ ሲዘንብ ጭቃ ነው። ለቀሚስ ብሎ ያን ጭቃ የሚረግጥ ሰው የለም። በሳምንት አንድ የተቀደደ ሱሪ ቢመጣ ነው። ለሱሪውም ባለቤት «ሦስት ሳምንት» እለዋለሁ፤ አመል አይለቅም።

እሷ በረንዳዬ ላይ ገብታለች። እኔ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ገበያ ሄጄ እንደምመለስ ሆኜ በዚያ አልፋለሁ። ክምር አላይም፣ ቀጠሮ አልጠይቅም፤ አሁን ተምሬያለሁ፣ ወለሉን ነው የማየው። ወለሉ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር። አንድ ክር የለበትም። «ሰላም ነሽ?» እላታለሁ፣ «ሰላም» ትለኛለች፣ እና ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እሷም አልቀናትም። ቦታው የእኔ እንጂ የማንም አይደለም፤ ያለ እኔ በረንዳው ራሱ አይሠራም እላለሁ በሆዴ። ለአንድ ወር ያህል በዚህች ደስታ ኖርኩ።

አንድ ቀን ዳመነና ዝናብ ሳይቀድመኝ ብዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣሁ። ከበረንዳው ጥግ ስደርስ ቆምኩ። ወለሉ አይታይም። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ የተማሪ ዩኒፎርም አረንጓዴ፣ ብጣሽ በብጣሽ ላይ። እሷ ጎንበስ ብላ መጥረጊያ ይዛ ወደ ማዳበሪያ ከረጢት ታስገባለች፤ እንደሚያባርሯት ሰው ትጣደፋለች።

ሐጂ ከውስጥ «ምን ያስቸኩልሻል ልጄ? ገና ስትቆርጪ ልታመሺ አሁን ምን አስጠረገሽ?» አሏት።

«አይ ሐጂ» አለች ቀና ሳትል፤ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታልፋለች። በዝናቡ ደግሞ ዛሬ ቀድማ ብትመጣስ?»

ቀና ስትል አየችኝ። መጥረጊያውን ከኋላዋ ደበቀች፤ መጥረጊያ ይደበቃል?

«ሥራ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ኧረ ምንም የለም። እንዲሁ ነው» አለች። እጇ ወደ ግራ ጆሮዋ ሄደ።

እኔ በብዙ ነገር ቀንቻለሁ። በመስታወት በር ቀንቻለሁ፣ በዲናሞ ቀንቻለሁ፣ ጭንቅላት በሌላት የፕላስቲክ ሴት ሳይቀር ቀንቻለሁ። በዚያ መጥረጊያ እንደቀናሁት ግን በምንም ቀንቼ አላውቅም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ብጣሹን እስከ መንገዱ በትኜ ነበር የምጠብቃት።

ወደ በረንዳው ወጣሁ። ክምሩ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ነካሁት፤ የእውነት ክምር ነው፣ በእያንዳንዱ ጨርቅ ውስጥ የልክ ወረቀት ተጣጥፎ ገብቷል። ከላይ አራቱን አንሥቼ ብብቴ ሥር አደረግኩ።

«ወዴት ነው?» አለች።

«ቤቴ። ለብቻሽ ይሄን ሁሉ የት ታደርሺዋለሽ?»

እጇን ከጆሮዋ አወረደች። «መቼ ታመጪልኛለሽ?»

«ነገ» አልኳት።